በባልዲ ያለ ኦሊያንደር፦ በአዲስ አበባ ወቅቱ በጋ ነው

ጥያቄው፦ «ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፤ በረንዳችን ወደ ደቡብ ያያል። ሚያዝያ ላይ ሮዝ አበባ ያወጣ ኦሊያንደር ገዝተን በ20 ሊትር የቀለም ባልዲ ተከልነው። ባልዲውን ከታች በምስማር ሦስት ቦታ በስተነዋል፤ ውኃው ወለል እንዳያበላሽ ሳህን ላይ አስቀምጠነዋል። ጠዋት ጠዋት ውኃ አጠጣዋለሁ። ሰኔ ከገባ ወዲህ እምቡጦቹ ሳይፈኩ ቡናማ ሆነው ረገፉ፤ የታች ቅጠሎቹም ቢጫ እየሆኑ ይወድቃሉ። አሁን ጥቅምት ገብቶም አበባ የለውም፤ ቅርንጫፎቹ ብቻ ረዝመዋል። ጎረቤቴ ደግሞ መርዝ ነው አሉኝ፤ የሦስት ዓመት ልጅ አለችን። ልጣለው ወይስ ይድናል?»

ምላሽ፦

ተክሉ ይድናል። ግን ከልጅቷ ልጀምር፤ ከሁሉ የሚቀድመው እሱ ነውና።

ጎረቤትዎ ያሉት እውነት ነው። የኦሊያንደር ቅጠሉም፣ አበባውም፣ ግንዱም፣ ሥሩም፣ ዘሩም መርዝ አለው። ኦሊያንድሪንና መሰሎቹ የሚባሉት ንጥረ ነገሮች የልብን ምት ያዛባሉ። ቅጠሉ ቢደርቅም ቢቀቀልም መርዝነቱ አይጠፋም። አበባው የተቀመጠበት የብርጭቆ ውኃ ሳይቀር አደገኛ ነው። ጣዕሙ በጣም መራራ ስለሆነ ብዙ ልጆች ቀምሰው ይተፉታል፤ በዚህ ግን መተማመን አይገባም። ለትንሽ ልጅ ጥቂት ቅጠል ብዙ ነው። ቅጠሉን የበላ ሰው ያቅለሸልሸዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ከዚያ ድካምና ድብታ ይመጣል፣ የልቡ ምት ይዘገያል ወይም ይዘበራረቃል። እንዲህ ያለ ነገር ከተጠረጠረ ምልክት እስኪታይ መጠበቅ፣ ወተት መስጠት ወይም ጣት ከትቶ ማስመለስ አይረዳም። አፏን በውኃ አጥበው፣ የተክሉን ቅንጣቢ በላስቲክ ይዘው፣ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይውሰዷት። ሐኪሙ ተክሉን ሲያይ የሚፈልገውን ያውቃል።

ባልዲውን ከፍ ያለ ቦታ ማስቀመጥ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። የሚያሰጋው የወደቀው ቅጠል ነው፤ ቅጠል ደግሞ ወለል ላይ ይወድቃል፣ አራተኛ ፎቅ ከሆነ የታች ጎረቤት በረንዳ ላይም ያርፋል። ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ የበረንዳው በር ሁልጊዜ ተቆልፎ የሚውል፣ ልጅቷም ያለ አዋቂ የማትወጣ ከሆነ ያቆዩት፤ ወለሉን በየቀኑ ይጥረጉ። በሩ ክፍት የሚውል ከሆነ ግን ልጅቷ ነገር እስክትለይ ድረስ ትንሽ ልጅ ለሌለበት ዘመድ ይስጡትና በረንዳው ላይ ጽጌረዳ ይትከሉ። ጽጌረዳ የአዲስ አበባን አየር ይወዳል፤ እሾሁ ቢወጋ ነው እንጂ አይመርዝም።

ዘመድዎ ግቢ ካላቸው ደግሞ አንድ ነገር ይንገሯቸው። ለበዓል የተገዛ በግ ግቢ ውስጥ ታስሮ ሲያድር የተገረዘ ቅርንጫፍ ወይም የወደቀ ቅጠል ከፊቱ መኖር የለበትም። በግም፣ ፍየልም፣ ላምም ይሞታሉ፤ የደረቀው ቅጠል ደግሞ ምሬቱ ስለሚቀንስ እንስሳት ሳይጠየፉ ይበሉታል። ቀጥ ያለው ቀንበጥ ለመፋቂያ የተመቸ ይመስላል፤ በፍጹም አይሆንም። የሥጋ መጥበሻ እንጨትም፣ የከሰል ማቀጣጠያም አይሁን፤ ጭሱም ይጎዳል። ቢጫ ጥሩምባ የመሰለ አበባ ያለው፣ «ቢጫ ኦሊያንደር» የሚባለው ቴቬቲያ ሌላ ተክል ነው፤ እሱም እንዲሁ መርዛማ ስለሆነ በእሱ ለመተካት አይሞክሩ።

አሁን ወደ ተክሉ እንግባ። ያጋጠመዎት በሽታ አይደለም፤ የብርሃንና የውኃ አለመመጣጠን ነው።

ስለ ኦሊያንደር የተጻፈው ምክር አብዛኛው የሜዲትራኒያን አካባቢን ወይም የሰሜን አውሮፓን ዓመት ታሳቢ ያደረገ ነው። እዚያ የተክሉ ወቅት ሞቃቱና ፀሐያማው ጊዜ ነው፤ በብርዱ ወራት ወደ ቤት ይገባል፣ ውኃ ይቀነስለታል። የእነሱ ሞቃት ወራት ከእኛ ክረምት ጋር ስለሚገጥሙ፣ ምክሩን የእኛን ክረምት «ሞቃት ወቅት» አድርጎ የተከተለ ሰው ተክሉን ያሰጥመዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኦሊያንደርን የሚያስተኛው እዚህ ብርዱ አይደለም፤ የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴ ደመናና እርጥበት ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ግንቦት ያለው ጥርት ያለ ሰማይ ደግሞ እውነተኛ ወቅቱ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቢቀዘቅዝም አይጎዳውም፤ ኦሊያንደር ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ይችላል። ብርዱ የእምቡጡን አወጣጥ ያዘገየው ይሆናል እንጂ አይገድለውም። ስለዚህ ብርድ ነው ብለው ወደ ሳሎን አያስገቡት፤ በቤት ውስጥ ብርሃን አያብብም።

የእርስዎ በረንዳ ወደ ደቡብ ማየቱ ነገሩን ያብራራዋል። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በእነዚህ ወራት ወደ ደቡብ የሚያይ፣ ከላዩ የሌላ ፎቅ በረንዳ የተከደነበት ቦታ ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን እንኳ ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኝም። ተክሉን የገዛችሁት ፀሐይዋ ፊቷን ባዞረችበት ወር ነው። እምቡጡን የያዘው ችግኝ ጣቢያ ሜዳ ላይ ሳለ ነበር፤ እናንተ ዘንድ ሲመጣ እምቡጡን የሚያፈካበት ብርሃን አጣ። የእምቡጡ መርገፍም፣ የቅርንጫፉ መርዘምም ከዚህ ነው፤ ቅርንጫፉ ብርሃን ፍለጋ ይሳባል። ደስ የሚለው፣ ከመስከረም ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ ከሁሉ የተሻለ ፀሐይ የሚያገኘው ያው የደቡብ በረንዳ ነው። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ያስፈልገዋል። የበረንዳችሁ መከለያ ድፍን ግንብ ከሆነ ባልዲውን ግንቡ ሥር አይለጥፉት፤ የግንቡ ጥላ ግማሽ ተክሉን ይሸፍነዋል። ከግንቡ ከ50 እስከ 60 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ያርቁት ወይም ብሎኬት ላይ ከፍ ያድርጉት። መከለያው ጫፍ ላይ ግን በጭራሽ አይሁን፤ ውኃ የጠጣ 20 ሊትር ባልዲ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል።

የቅጠሉ ቢጫ መሆን ከውኃው ነው። ኦሊያንደር በተፈጥሮው የወንዝ ዳርና የደረቅ ወንዝ አሸዋ ተክል ነው። ፀሐይ ሲያገኝ ብዙ ይጠጣል፣ ሥሩ ግን አየር ይፈልጋል። ጥላ ውስጥ ሆኖ፣ በብርድ፣ በየቀኑ ሲጠጣ፣ ያውም ሦስት የምስማር ቀዳዳ ባለው ባልዲና ውኃ ባቆረ ሳህን ላይ፣ አፈሩ ከሰኔ እስከ ነሐሴ አልደረቀም ማለት ነው። አየር ያጣ ሥር ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ውኃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ የተጠማ ይመስላል። ሰው ያንን አይቶ ውኃ ይጨምራል፤ አብዛኛው የባልዲ ኦሊያንደር የሚሞተው እንዲህ ነው። ከግርጌ ያሉ ሁለት ሦስት ዓመት የቆዩ ቅጠሎች ጥቂት ጥቂት እያሉ ቢረግፉ ግን የዕድሜ ጉዳይ ነው፣ አያሳስብ።

ሥራውን በዚህ ሳምንት ይጀምሩ፤ ጥቅምት ለዚህ ምርጥ ጊዜ ነው። ጓንት ያድርጉ፣ ልጅቷ ቤት ውስጥ ትሁን። ውኃ ማጠጣት ከአራት አምስት ቀን በፊት ያቁሙና ባልዲውን ጋደም አድርገው ተክሉን ከነአፈሩ ያውጡ። ሥሩ ነጣ ያለና ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው። ቡናማ፣ ሲጫኑት የሚላጥ፣ ሽታ ያለው ሥር ካዩ ጤናማው ክፍል እስኪገኝ ድረስ በንጹሕ መቀስ ይቁረጡት። ከሥሩ ሲሶውን ቢያጡ ከላይም ያን ያህል መቀነስ አለብዎ፤ ያለዚያ የቀረው ሥር ቅጠሉን ማጠጣት አይችልም።

ባልዲው ራሱ ይበቃል፣ ቀዳዳው ግን አይበቃም። በመሰርሰሪያ ወይም በጋለ ብረት ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ከ6 እስከ 8 ቀዳዳዎች ከታች፣ ሌላ ሦስት አራት ደግሞ ከጎኑ ከመቀመጫው 2 ሳንቲሜትር ከፍ ብለው ይብሱ። አፈር እንዳይወጣ ቀዳዳው ላይ የአሮጌ ወንፊት ቁራጭ ጣል ያድርጉ። ብዙ ሰው ከታች ጠጠር ይደለድላል፤ አይመከርም። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር የሚወርደው ደቃቁ ሙሉ በሙሉ ሲጠግብ ነው፤ ስለዚህ ጠጠሩ እርጥቡን ክፍል ወደ ሥሩ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያጠፋውም። ባልዲውን በሦስት የሸክላ ወይም የብሎኬት ስባሪ ላይ አስቁመው ከሥሩ አየር ያስገቡለት። ሳህኑ ይቆይ፣ ግን ካጠጡ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያለውን ውኃ ይድፉ፤ የተደፋው ውኃ ልጅ የማይደርስበት ይሁን።

አፈሩ ላይ ጠንከር እላለሁ። በከተማችን ደቡብና ምሥራቅ በኩል ከሕንፃ መሠረት የሚወጣው ጥቁር ዋልካ ለባልዲ አይሆንም፤ ሲረጥብ ይዘጋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ሥር ይበጥሳል። በእንጦጦ በኩል ያለው ዓይነት ቀይ አፈር ይሻላል። ለ20 ሊትር ባልዲ 10 ሊትር ቀይ አፈር፣ 5 ሊትር በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ወይም ቢያንስ ስድስት ወር የቆየ ፍግ፣ 5 ሊትር ደግሞ ሻካራ ነገር ይቀላቅሉ። ለሻካራው ብሎኬት አምራቾች የሚጠቀሙበት ፑሚስ ወይም ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀይ አሽ ይሆናል፤ ቅንጣቱ ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ይሁን፣ ዱቄቱ ይነፋ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ኦሊያንደር አሲዳማ አፈር አይፈልግም፤ ከ6 እስከ 8 ፒኤች (የአፈር አሲዳማነት መለኪያ) ድረስ ይስማማዋል። ተክሉን በፊት በነበረበት ጥልቀት ይትከሉ፤ ከባልዲው አፍ 3 ሳንቲሜትር ለውኃ ይተዉለት። ሥሩን ከቆረጡ አንድ ሳምንት ከቀጥተኛ የቀትር ፀሐይ ትንሽ ያርቁት። ማዳበሪያ ለአንድ ወር አይንኩት።

ቀጥሎ መግረዝ። ኦሊያንደር የሚያብበው ዘንድሮ ባወጣው ቀንበጥ ጫፍ ላይ ስለሆነ መግረዝ ቅርንጫፍ ያበዛል፤ ቅርንጫፍ ሲበዛ አበባ ይበዛል። ዝናብ ላይ ግን አይገረዝም፤ በቁስሉ ባክቴሪያ ይገባና ግንዱ ላይ ሻካራ እብጠት፣ እምቡጡ ላይ የጠቆረና የተጨማደደ ቅርጽ ያመጣል። ለዚያ በሽታ የሚረጭ መድኃኒት የለም፤ ከእብጠቱ 15 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ መቁረጥ ነው ያለው። መቀሱን ከአንዱ ቁርጥ ወደ ሌላው ሲሄዱ በ70 በመቶ አልኮል ይጥረጉት። አሁን የረዘሙትን ቅርንጫፎች ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይቁረጡ። ከግማሽ የሚሆኑትን፣ በተለይ ባዶና አሮጌ የሆኑትን፣ ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ያሳጥሯቸው፤ የቀሩትን ጫፋቸውን ሳይነኩ ይተዉ፤ መጀመሪያ የሚያብቡት እነሱ ናቸው። ቅጠሉ ብዙ ጊዜ ሦስት ሦስት ሆኖ በአንድ አንጓ ዙሪያ ይወጣል፤ ከአንጓው በላይ ግማሽ ሳንቲሜትር ትተው ሲቆርጡ ከአንጓው እስከ ሦስት አዲስ ቀንበጥ ይፈልቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። አበባው ሲያልቅ ጫፉን ሙሉ በሙሉ ይቀነጥቡታል። የኦሊያንደር ያለፈ ዘለላ ሥር አዲስ እምቡጥ አለ፤ ያው ዘለላ በሚቀጥለው ዙር እንደገና ሊያብብ ይችላል። የጠወለገውን አበባ ብቻ፣ ረጅም ጥንድ ቀንድ የመሰለውን የዘር ከረጢት ካወጣም እሱን ብቻ ያንሱ። አበባው ድርብርብ ከሆነ ያረጀው ራሱ አይረግፍም፤ ዝናብ ሲነካው እዚያው ተጣብቆ ይሻግታል። ነጠላ አበባ ያለው ዓይነት ለአዲስ አበባ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ውኃን በቀን መቁጠሪያ አያጠጡ። ጣትዎን ከ3 እስከ 4 ሳንቲሜትር ወደ አፈሩ ይስደዱ፤ ደረቅ ከሆነ ከታች እስኪፈስ ድረስ ያጠጡ፣ ለ20 ሊትር ባልዲ ከ2 እስከ 3 ሊትር ይሆናል። እርጥብ ከሆነ ይተዉት። በልምድ በጥቅምትና በኅዳር በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከጥር እስከ መጋቢት አበባ ይዞ ፀሐይ ሲበረታ በየሁለት ቀኑ፣ አንዳንዴም በየቀኑ ይደርሳል። በክረምት እንደ እርስዎ ጣራ ባለው በረንዳ ላይ በ10 ቀን አንዴ ይበቃዋል። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ በጀሪካን ያስቀሩለት፤ አትክልት የታጠበበት ውኃም ይሆናል። በረኪና ወይም የልብስ ሳሙና ያለበት ግን አይሆንም። አፈሩ ከልክ በላይ ደርቆ ውኃው በባልዲው ግድግዳ በኩል ቶሎ ከፈሰሰ መሐሉ አልረጠበም፤ ባልዲውን ውኃ ባለበት ሰፋ ያለ ሳፋ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያቁሙት።

ማዳበሪያ፦ ዩሪያ ብቻውን 46 በመቶ ናይትሮጅን ስለሆነ ቅጠል ይሰጥዎታል፣ አበባ አይሰጥዎትም። ከግብርና ዕቃ መሸጫ ውኃ ውስጥ የሚሟማ 20-20-20 (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታስየም እኩል ያለበት) ማዳበሪያ ያግኙ፤ በ1 ሊትር ውኃ 1 ግራም፣ ማለትም የሻይ ማንኪያ አንድ አምስተኛ ገደማ፣ በየሁለት ሳምንቱ ከኅዳር እስከ ግንቦት ይስጡት። ደረቅ አፈር ላይ አያፍስሱ፤ መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ ያርጥቡት። የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ ጨው በዝቷል፤ በ10 ሊትር ንጹሕ ውኃ ቀስ ብለው ያጥቡትና አንድ ወር ያርፍ። የእንጨት አመድ ለፖታስየም ጥሩ ነው፤ በሁለት ወር አንድ የሾርባ ማንኪያ አፈሩ ላይ ይበትኑ። ላስቲክ ከተቃጠለበት ምድጃ አይሁን፤ ዩሪያ ከሰጡ በዚያው ሰሞን አመድ አይጨምሩ፣ ናይትሮጅኑ በጋዝ መልክ ያመልጣል።

በበጋ የሚመጣው ዋናው ተባይ ቢጫ ሰውነትና ጥቁር እግር ያለው ክሽክሽ ነው፤ ለስላሳው ቀንበጥ ጫፍ ላይ ተሰብስቦ ይታያል። አስቀያሚ ነው እንጂ ተክል አይገድልም። በእጅ በጓንት ይጠርጉት፣ ወይም በ1 ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በጥብጠው አመሻሽ ላይ ይርጩና በማግስቱ ጠዋት በውኃ ያጥቡት። የዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል። ግንዱና የቅጠሉ ጀርባ ላይ የተለጠፈ ቅርፊት የመሰለ ነገር ወይም ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካዩ በአልኮል በረጠበ ጥጥ ይፍቁት፤ ጉንዳን ግንዱ ላይ ከተመላለሰ እነሱ መኖራቸውን ያመለክታል። ጣራ ሥር ያለ ተክል ዝናብ ስለማያጥበው አቧራ ይይዛል፤ አቧራና ድርቀት ደግሞ ቀይ ሸረሪትን ይጋብዛል። ቅጠሉ በደቃቅ ነጠብጣብ ነጣ ካለ በወር ሁለቴ ጠዋት ከላይም ከታችም በውኃ ያጥቡት።

ከገረዙት ላይ ችግኝ ማፍላት ከፈለጉ አበባ ያልያዘ፣ ከ12 እስከ 15 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ጫፍ ይምረጡና የታቹን ቅጠል ያንሱ። ሰው በጠርሙስ ውኃ ውስጥ ማብቀል ይለምዳል፤ እርስዎ ቤት ልጅ ስላለች ያንን አልመክርም፤ ውኃው ይመረዛልና። እርጥብ አሸዋ በሞላ ትንሽ ባልዲ ውስጥ ይሰኩት፤ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ሥር ለማውጣት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅበታል። የቀረውን ቁርጥራጭ በወፍራም ፌስታል ቋጥረው ከቆሻሻ ጋር ይስጡ፤ አያቃጥሉት፣ ግቢ ጥግም አይከምሩት። እጅዎንና መቀሱን በሳሙና ይታጠቡ።

አሁን ከገረዙ አዲስ ቀንበጥ በኅዳር ይታያል፤ ያልነኩት ቅርንጫፍ በጥር አካባቢ እምቡጥ ሊይዝ ይችላል፣ የተገረዘው በየካቲትና በመጋቢት ይከተላል። ሚያዝያ ሲገባ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ስታልፍ ውኃውን ይቀንሱለት፤ ወደ ሰሜን የሚያይ በረንዳ ወይም ክፍት ጣራ ካላችሁ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ወደዚያ ያዙሩት።